የድሮ አስፈሪ ፊልሞች በዲስክ፦ የትኛው ይገኛል? የትኛው ነው ለዘላለም የቀረው?

የካዛንቺሱ
ሰላም የቤቱ ሰዎች። የ1930ዎቹን አስፈሪ ፊልሞች እያሳደድኩ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ድራኩላና ፍራንከንስታይንን አይደለም፣ እነሱ የትም አሉ። የምፈልገው የማይክል ከርቲዝን «የሰም ሙዚየሙ ምስጢር» (1933)፣ የጄምስ ዌልን «አሮጌው ጨለማ ቤት» (1932)፣ ከተገኘ ደግሞ ሎን ቼኒ የሠራውን «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» (1927) ነው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የአንዱ ቅጂ ፊት ከግድግዳ አይለይም፤ ድምፁ ደግሞ ምጣድ ላይ ዘይት የፈላ ነው የሚመስለው። እነዚህ ፊልሞች በዲስክ ወጥተው ያውቃሉ? ከወጡስ አዲስ አበባ ያለ ማጫወቻ ያነባቸዋል? የምታውቁ ተባበሩኝ።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ፣ ይኼን የሚጠይቅ ሰው አጥቼ ነው ለብቻዬ የማወራው። የጠራሃቸው ሦስቱ ፊልሞች ሦስት ዓይነት ዕጣ ነው የደረሳቸው።

በቀላሉ ልጀምር። «ለንደን ከእኩለ ሌሊት በኋላ» የለም። በዲስክ ሳይሆን በዓለም ላይ የለም። የመጨረሻው የታወቀ ቅጂ በ1965 የኤምጂኤም ስቱዲዮ መጋዘን ሲቃጠል አብሮ ሄደ። በ2002 ተርነር ክላሲክ ሙቪስ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የቀሩትን ፎቶግራፎች በታሪኩ ቅደም ተከተል ደርድሮ ሙዚቃ ጨምሮበት አቀረበው፤ ያ ነገር በ2003 ከቼኒ ሌሎች ፊልሞች ጋር በዲቪዲ ወጥቷል። ባርኔጣ ያደረገውን ባለሹል ጥርሱን ሰውዬ የምታየው በቆመ ፎቶ ነው። ዳይሬክተሩ ቶድ ብራውኒንግ ራሱ ታሪኩን በ1935 በድምፅ ደግሞ ሠርቶታል፣ «የቫምፓየሩ ምልክት» ብሎ፣ የድራኩላውን ተዋናይ ቤላ ሉጎሲን ይዞ። እሱ በደንብ ጸድቶ በ2022 በብሉሬይ (ከዲቪዲ ይበልጥ ጥርት ያለው ዲስክ) ወጥቷል። ናፍቆትህን በእሱ ተወጣ።

«አሮጌው ጨለማ ቤት» ደግሞ ጠፋ ተብሎ ነበር። የፊልሙ ባለቤት የነበረው ዩኒቨርሳል የመጽሐፉን መብት በ1950ዎቹ ለቀቀ፤ ሌላ ስቱዲዮ ገዝቶ በ1963 አዲስ ፊልም ሠራበት። መብቱ የሌላ ከሆነ በኋላ አሮጌውን ፈልጎ ለማውጣት ማን ይደክማል? ደግነቱ ኩርቲስ ሃሪንግተን የሚባል ዳይሬክተር የጄምስ ዌል ወዳጅ ነበርና እየመላለሰ ስቱዲዮውን አስጨነቀ፤ በ1968 ኔጋቲቩ (ቅጂዎች የሚታተሙበት ዋናው ፊልም) ከመጋዘን ተገኘ። ሮችስተር ያለው የጆርጅ ኢስትማን ቤተ መዛግብት ነው ያተረፈው። ከዚያ ወዲህ እንኳ ለረጅም ጊዜ በዲስክ የነበረው ቅጂ ጭጋግ ነበር። በ2017 ኮኸን ሚዲያ በ4ኬ (በጣም ጥርት ባለ ምስል) አሳድሶ አወጣው፤ አሁን የተዋናዩን የቦሪስ ካርሎፍን የፊት ጠባሳ ትቆጥራለህ። ይኼን ዝም ብለህ ግዛ።

ስለ «የሰም ሙዚየሙ» ለብቻው እጽፋለሁ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ላመጣ።

ዝም_ብለህ_አውርድ
ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ይኼን ሁሉ ገንዘብና ድካም ለምን? ከድሮ ፊልሞች አንዳንዱ የሕዝብ ንብረት ሆኗል። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ በነፃ አለ። ቴሌግራም ላይም የሚለቁ ቻናሎች አሉ። ዲስክ የሚሰበስብ ሰው በ2020ዎቹ አይገባኝም።

ፍራንክፈርት_ዳር
«የሕዝብ ንብረት» ያልከው ነገር እኮ ነው ችግሩ። አንድ ፊልም የማንም ሲሆን ማንም ይሸጠዋል፣ ማንም ግን አያድሰውም። ንጹሕ አድርጎ ለማውጣት ከኔጋቲቩ ወይም ከጥሩ ጥንታዊ ቅጂ መነሳት፣ እያንዳንዱን ፍሬም መቃኘት፣ ቧጨራውን ማንሳት፣ ድምፁን ማጽዳት አለ። ይኼን ሁሉ ገንዘብ ካፈሰስክ በኋላ ጎረቤትህ ያንተኑ ቅጂ ገልብጦ በርካሽ ቢሸጥስ? ስለዚህ ሁሉም ከቪኤችኤስ ካሴት የተገለበጠ፣ ከዚያ እንደገና የተገለበጠ ነገር ይሸጣል። ቤላ ሉጎሲ የሠራውን «ነጩ ዞምቢ» (1932) አስበው፤ ስንት ዓይነት ርካሽ ዲቪዲ ወጥቶበታል፣ ሁሉም ጥላሸት።

አንድ ምሳሌ ልስጥህና ዓይንህ ይፍረድ። «ኖስፌራቱ» (1922) ላይ ቫምፓየሩ ኦርሎክ የሬሳ ሳጥኑን አቅፎ ከተማው ውስጥ ይሄዳል። በነፃ ቅጂዎቹ ላይ ይኼ የሚሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሰው ይስቃል፣ «ፀሐይ የሚገድለው ፍጡር በቀን ምን ያዞረዋል?» ይላል። ያኔ ካሜራ በሌሊት ስለማይቀርጽ ቀን ተቀርጾ ፊልሙ ሰማያዊ ይነከር ነበር፤ ሰማያዊ ማለት ሌሊት፣ ቢጫማ ማለት የቤት ውስጥ መብራት ወይም ቀን። ሰዎች ቀለሙን ጥለው በጥቁርና ነጭ ሲገለብጡት ሌሊቱ ቀን ሆነ። የሙርናው ፋውንዴሽን እዚህ ጀርመን ያሳደሰውን ስታይ ትዕይንቱ ሌላ ነው፤ ሰውዬው በሰማያዊ ጨለማ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

ፊልሙ ራሱ መኖሩም ተአምር ነው። የ«ድራኩላ» መጽሐፍ ደራሲ የብራም ስቶከር ባለቤት ፍሎረንስ ያለ ፈቃድ የባሌን መጽሐፍ ሰረቃችሁ ብላ ከሰሰች፣ በ1925 ፍርድ ቤት ቅጂው ሁሉ ይጥፋ አለ። ውጭ አገር ሄደው የነበሩት ቅጂዎች ናቸው ያተረፉት።

ዝም_ብለህ_አውርድ
እሺ የኖስፌራቱን ተቀብያለሁ። ግን የታደሰውንም እኮ ገልብጠው ይለቁታል ሃሃ።

ፍራንክፈርት_ዳር
ይለቁታል። እሱን ለማሳደስ የከፈለው ግን ዲስክ የገዛ ሰው ነው።

እትዬ_አስቴር
ልጆቼ፣ እኔ የምለው፣ ዜናው አይበቃችሁም? ሰው እንዴት በገንዘቡ ድንጋጤ ይገዛል? በሉ ቀጥሉ፣ ዝም ብዬ አነባለሁ። የሬሳ ሳጥን ተሸክሞ የሚዞረው ግን ሳቅ በሳቅ አደረገኝ።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
እትዬ አስቴር እንኳን መጡልን 😄 እነዚህ የሚያስደነግጡ አይደሉም፣ ለእርስዎ ይሆናሉ። ሰው ከመገደሉ በፊት ሁሉም ቆሞ ሻይ ይጠጣል።

ወደ ሰሙ ሙዚየም ልመለስ። ይኼ ፊልም የተሠራው በሁለት ቀለም ቴክኒከለር ነው። ካሜራው ብርሃኑን ከፍሎ ቀዩንና አረንጓዴውን ብቻ ነው የሚመዘግበው፤ እውነተኛ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ ቆዳው ኮክ ይመስላል፣ ጥላው አረንጓዴ ይላል፣ እሳቱ ብርቱካናማ ነው። መጀመሪያ ላይ ሙዚየሙ ሲቃጠል የሰም ፊቶቹ ጉንጫቸው እየተንሸራተተ፣ ዓይናቸው እየወጣ ይቀልጣል፤ በዚያ ቀለም ስታየው ሆድህን ይበላሃል። ሌላ ቀለም ይኼን አይሰጥህም።

ግን ለአሥርተ ዓመታት ማንም አላየውም። በ1953 በሦስት ገጽታ (3ዲ) ተደግሞ ሲሠራ፣ ያው ቪንሰንት ፕራይስ ያለበት (ያን ፊልም ያዘጋጀው አንድሬ ደ ቶት አንድ ዓይን ብቻ ነበረው፣ ሦስት ገጽታውን እሱ ራሱ ማየት አይችልም ነበር!)፣ የመጀመሪያው ጠፍቷል ይባል ነበር። በኋላ አንድ የቀለም ቅጂ የስቱዲዮው ጌታ ጃክ ዋርነር የግል ስብስብ ውስጥ ተገኘ። ሰውዬው የራሱን ስቱዲዮ ፊልም ቤቱ ይዞ ተቀምጧል!

በዲቪዲ የወጣው እንዴት መሰለህ? በ2003 የ1953ቱን ፊልም ሲያወጡ በዲስኩ ጀርባ ጎን ላይ እንደ ምራቂ ለጠፉት። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሐምራዊና ግራጫ ነገር። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤ ከፊልም ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ አድሶት፣ ዋርነር አርካይቭ በ2020 በብሉሬይ እስኪያወጣው ድረስ እኛ ያለን ያ ብቻ ነበር። አዲሱን ባየሁ ጊዜ ተዋናይቷ ፌይ ሬይ የሊዮኔል አትዊልን ፊት ስትመታው ጭምብሉ የሚሰነጠቅበትን ቦታ አቁሜ ነው ያየሁት፤ የስንጥቁ ጠርዝ ይታያል፣ ከሥሩ ያለው የተቃጠለ ቆዳ ከሰሙ በቀለም ይለያል። በአሮጌው ዲስክ ሁለቱም አንድ ጭቃ ነበሩ።

ወንድሙ «ዶክተር ኤክስ» (1932) የዚያው ዳይሬክተርና የዚያው ሁለት ቀለም ሥራ ነው፤ እሱ ደግሞ በ2021 ወጣ። ያን ፊልም በሚቀርጹ ጊዜ ጥቁርና ነጩን በሌላ ካሜራ ለብቻው ይቀርጹ ስለነበር ዲስኩ ላይ ሁለቱም አሉ፤ አንዳንዱ ቦታ ተዋናዩ የሚያደርገው እንኳ ይለያያል።

ቀለም_አልባ
እኔ በእድሳት ጉዳይ ትንሽ ጥርጣሬ አለኝ። ያኔ ሲኒማ ቤት ገብቶ ያየ ሰው በሕይወት የለም። ይኼ ቀለም ትክክል ነው የሚለው ማን ነው? ቴክኒሻኑ በኮምፒውተር እንደ ልቡ ያቀላዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የፊልሙን ቅንጣት (ምስሉ ላይ የሚታየውን ረቂቅ ነጠብጣብ) እየጠራረጉ ተዋናዩን ሁሉ ልሙጥ አሻንጉሊት የሚያደርጉ አሉ።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
የቅንጣቱ ነገር እውነትህን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ የብሉሬይ ዓመታት ብዙ ፊልም እንዲህ ተበላሽቷል። በዚህኛው ላይ ግን አልሆነም። ቀለሙም በግምት አልመጣም፣ ማመሳከሪያው ያ ከዋርነር የተገኘው የዘመኑ የናይትሬት (የድሮ ፊልም ዓይነት) ቅጂ ነው። የሰም ሰዎቹ ሰም፣ የሥጋ ሰዎቹ ሥጋ ይመስላሉ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ቀለም_አልባ
እሺ፣ አየሁት እንጂ አላየሁም አልልም፣ ቆንጆ ነው። መጠርጠሬን ግን አልተውም።

መርካቶ_ጥገና
የካዛንቺሱ፣ ያንተን ሁለተኛ ጥያቄ የመለሰልህ የለም። እኔ ማጫወቻ ስጠግን ነው የምውለው፣ ስለዚህ ስማኝ።

ዲቪዲ ዓለምን በክልል ቁጥር ከፋፍሏል፣ የአንዱ ክልል ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንዳይከፈት ተብሎ። አሜሪካ 1 ናት፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ እኛ 5 ነን፣ ከሩሲያና ከሕንድ ጋር። ብሉሬይ ሲመጣ ክፍፍሉ በፊደል ሆነ፤ አሜሪካ ኤ፣ እኛ ከአውሮፓ ጋር ቢ ውስጥ ገባን፣ ሩሲያና ሕንድ ሲ ሄዱ። 4ኬ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ጭራሽ ክልል የለውም።

ዲቪዲ አያሳስብህ። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ማጫወቻ አብዛኛው ሁሉንም ያነባል፣ ካላነበበም በሪሞት ቁጥር ነክቶ መክፈት ይቻላል። ብሉሬይ ነው አስቸጋሪው። ሪሞት አይከፍተውም፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ተነክቶ ነው። ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ ቢ ነው፣ ከዋሽንግተን በሰው የመጣ ኤ ነው፤ ስለዚህ ዲስክ ከማዘዝህ በፊት ማጫወቻህ ከየት እንደመጣ ጀርባውን ገልብጠህ እይ፣ ፊደሉ ዓለም ተስሎበት ተጽፏል። በኮምፒውተር እከፍታለሁ ካልክ ደግሞ የዲቪዲ ድራይቭ ክልሉን 5 ጊዜ ብቻ ነው የሚያስቀይርህ፣ በአምስተኛው ይቆለፋል። ልጆች እየቀያየሩ ዘግተውት የሚያመጡልኝ ብዙ ነው።

አሽዶድ_ነኝ
መርካቶ_ጥገና እግዜር ይስጥልን። እኔም እዚህ እስራኤል ቢ ነኝ። ከአሜሪካ ክራይቴሪዮን የሚባለው አሳታሚ ያወጣውን «የጠፉት ነፍሳት ደሴት» (1932) አዝዤ ሲደርስ ማጫወቻው «ክልሉ አይፈቀድም» ብሎ ጥቁር ስክሪን አሳየኝ። ኋላ የእንግሊዙን እትም ገዛሁ። የዋርነር አርካይቭ ብሉሬዮች ግን አብዛኛው ክልል አይገድብም፣ የእኔዎቹ ሁሉ ይሠራሉ።

የካዛንቺሱ
ዕድሜ ይስጣችሁ። ማጫወቻዬ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ጀርባው ላይ ቢ ይላል። ግን አንድ ያልገባኝ፦ «የጠፉት ነፍሳት ደሴት» የፓራማውንት ፊልም አይደል? ዲስኩን ሳየው ግን ዩኒቨርሳል ይላል።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
አይንህ ሹል ነው። በ1958 ፓራማውንት የድሮ ድምፃዊ ፊልሞቹን፣ 700 ያህሉን፣ ለቴሌቪዥን ኪራይ ብሎ ኤምሲኤ ለሚባል ድርጅት ሸጠ። ኤምሲኤ በኋላ ዩኒቨርሳልን ጠቀለለ። ስለዚህ የፓራማውንት አስፈሪ ፊልሞች አብዛኞቹ ዩኒቨርሳል መጋዘን ገቡ፣ እዚያ ደግሞ ድራኩላና ፍራንከንስታይን ተቀምጠው ሳለ ማን ዞር ብሎ ያያቸዋል? «ግድያ በእንስሳት ማቆያው» (1933) የሚገርም ፊልም ነው፤ የሚጀምረው አትዊል የአንዱን ሰውዬ አፍ በመርፌና ክር ሲሰፋው ነው (እትዬ አስቴር ይኼን አይዩ)። በብሉሬይ ያገኘነው በ2019 ነው፣ ስክሪም ፋክተሪ የሚባል ትንሽ አሳታሚ ፈቃድ ተከራይቶ ከሌሎች ሦስት ጋር በአንድ ሣጥን ሲያወጣው።

እዚህ ላይ ልብ በል። ትንንሾቹ አሳታሚዎች ፊልሙን አይገዙትም፣ ለተወሰነ ዓመት ይከራዩታል። ውሉ ሲያልቅ ሕትመቱ ይቆማል፣ ከዚያ አሮጌ ዕቃ ሻጭ እጅ ይገባና ዋጋው ሦስት እጥፍ ይሆናል። «በኋላ እገዛዋለሁ» ያልኳቸውን ፊልሞች ዛሬ በእጥፍ የሚሸጡልኝ እነሱ ናቸው። በስትሪሚንግም ያው ነው፣ ዛሬ ያየኸው በሚቀጥለው ወር ይነሳል፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ከመጀመሪያውም አይከፈትም።

ዝም_ብለህ_አውርድ
ዲስክስ ዘላለማዊ ነው? የአክስቴ ልጅ በ2000ዎቹ አጋማሽ የገዛቸው ዲቪዲዎች ሳይቧጨሩ መነበብ አቆሙ።

መርካቶ_ጥገና
እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን የታተሙ አንዳንዶቹ ሁለቱ ንብርብር የተጣበቀበት ሙጫ ይበላሻል። ፊልሙ መሃል ላይ፣ ንብርብር ሲቀየር፣ ይቆማል። ማጫወቻውን አይምታው፣ ማጫወቻው ጤነኛ ነው። አሁን የሚያነብ ካለው ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ይገልብጥ። በትእዛዝ አንድ በአንድ የሚቃጠሉት ዲቪዲዎችም (የታችኛው ገጻቸው ሐምራዊ የሚሉት) ፀሐይ አይወዱም።

ፍራንክፈርት_ዳር
አውሮፓ ለምትገዙ ደግሞ አንድ ነገር፦ የድሮ የአውሮፓ ዲቪዲ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው የሚሮጠው፣ ፊልሙ ግን 24 ነው። ስለዚህ 70 ደቂቃው ፊልም 67 ላይ ያልቃል፣ የካርሎፍም ድምፅ ትንሽ ይቀጥናል። ብሉሬይ ላይ ይኼ ችግር ብዙም የለም።

ካርሎፍን ካነሳሁ አይቀር፣ «ዘ ጉል» (1933) የሚባል እንግሊዝ አገር ሄዶ የሠራው አለ፤ የግብፅ መቃብር፣ ጌጥ፣ ከሞት መነሳት። እሱም ጠፍቶ ነበር። በ1969 አንድ ቅጂ ቼኮስሎቫኪያ ተገኘ፣ የተቆራረጠ፣ ከሥሩ የቼክ ጽሑፍ የተለጠፈበት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ ሙሉው ወጣ። ከሁለቱ ቅጂዎች የትኛውን እንደያዝክ ወዲያው ታውቃለህ፤ አንዱ ጨለማ ውስጥ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሌላው ግን ፊልም ነው።

አሽዶድ_ነኝ
የስፓንኛውን ድራኩላስ ረሳችሁት? የ1931ዱ። ቀን ቀን ሉጎሲ ሲሠራ፣ ሌሊት ሌሊት በዚያው ቤት በዚያው ደረጃ ላይ ሌላ ቡድን በስፓንኛ ይቀርጽ ነበር። ዩኒቨርሳል ካለው ኔጋቲቭ አንዱ ጥቅል በስብሶ ነበር፣ የጎደለው ኩባ ነው የተገኘው፣ ሃቫና ፊልም ቤተ መዛግብት። በ1992 በካሴት ወጣ። አሁን ከእንግሊዝኛው ጋር በአንድ ሣጥን ይመጣል፣ ብዙ ሰው ግን ትርፍ ነገር መስሎት አይከፍተውም። ካሜራው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይንቀሳቀሳል። እኔ እንደውም ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቀለም_አልባ
ካሜራው ይበልጣል፣ ሉጎሲ ግን የለበትም። ስፓንኛው ድራኩላ ፈገግ ሲል ጥርስ ሐኪም ዘንድ የተቀመጠ ነው የሚመስለው።

አሽዶድ_ነኝ
ሃሃሃሃ እሱስ ልክ ነህ።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
የካዛንቺሱ፣ በሚቀጥለው ወር አንድ ዘመዴ አዲስ አበባ ትሄዳለች። የሰሙን ሙዚየም ትርፍ ቅጂ አለኝ፣ ክልል የለውም፣ በአንተ ማጫወቻ ይሠራል። አሮጌውን ጨለማ ቤት ግን የእንግሊዙን እትም ፍራንክፈርት ቢልክልህ ይሻላል፣ የእኔው ኤ ነው። በግል ጻፍልኝ። ዋጋ አታንሳ፣ ሰው ሲያየው ደስ ይለኛል።

የካዛንቺሱ
እህቴ ምን ልበልሽ፣ ምርቃት ብቻ ነው ያለኝ። ጻፍኩልሽ። ፍራንክፈርትም ጻፍኩልህ፣ ያንተን ዋጋ ግን እከፍላለሁ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ የ1930ው «ድመቷ ትሳባለች» የሚባለውስ? የዩኒቨርሳል ነው ይላሉ፣ የትም አጣሁት።

ማሚቱ_አሌክሳንድሪያ
ጠፍቷል። በ1932 የተሠራ «ቡ!» የሚባል አጭር የቀልድ ፊልም ውስጥ ቁርጥራጩ ገብቶ ተርፏል፣ ከምስሉ ሌላ የታወቀ የለም። እሱንም በስፓንኛ ሌሊት ሌሊት ቀርጸውት ነበር፣ ያው የስፓንኛው ድራኩላ ዳይሬክተር ጆርጅ ሜልፎርድ፣ ያችው ሉፒታ ቶቫር። ያም ጠፍቷል።

አሽዶድ_ነኝ
ሃቫና የፈተሸ አለ?

ፍራንክፈርት_ዳር
ፕራግም ይፈተሽ።